የዳሽቦርድ መብራቶች፦ የሚባለውና እውነታው

«ቼክ ኢንጂን ከበራ ሴንሰር ነው፤ ቀይረው።» ይህን ያልሰማ ባለመኪና ማግኘት ያስቸግራል። በከንቱ የሚወጣው ገንዘብም አብዛኛው ከዚህ ምክር የሚመጣ ይመስለኛል። መብራቱ የሚናገረው የመኪናው ኮምፒውተር አንድ ልኬት ከተለመደው ወጥቶ እንዳየ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። በማሽን ሲታይ ፒ0171 የሚል ኮድ ወጣ እንበል። ትርጉሙ ወደ ሞተሩ ከሚገባው ቤንዚን ጋር ሲነጻጸር አየሩ በዝቷል ማለት ነው። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ወይም የተደፈነ የቤንዚን ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። ችግሩን አይቶ የተናገረው ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፤ ተነቅሎ የሚጣለው ግን ብዙ ጊዜ እሱው ነው። ኮዱ ከተነበበ በኋላ መካኒኩን «በምን አረጋገጥክ?» ብሎ መጠየቅ የባለመኪናው መብት ነው።

ቢጫው መብራት ፀንቶ ከበራ ቀስ ብሎ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በካንዴላ ወይም በኮይል ችግር አንዱ ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያቃጥላል።

ሌላው «የዘይት መብራት ሲበራ ዘይት መጨመር ነው» የሚለው ነው። ቀዩ የዘይት መብራት የሚለካው ግፊትን እንጂ መጠንን አይደለም። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ፓምፑ ከደከመ፣ ወይም ውስጥ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ከተበሉ ይበራል። እስከ ቀጣዩ ማደያ ልንዳ የሚል ሰው ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጣ ይችላል። ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት፣ ጥቂት ቆይቶ የዘይቱን ዘንግ አውጥቶ ማየት ነው፤ ዘይቱ ልኩ ላይ ከሆነ መኪናውን ዳግም አለማስነሳት፣ አስጎትቶ መውሰድ።

የእጅ ፍሬን ተለቅቆም የፍሬን መብራት ካልጠፋ ብዙዎች የፍሬን ዘይት ሞልተው ይረሱታል። ዘይቱ የወረደው ግን አንድም እየፈሰሰ ነው፣ አንድም ሸራው አልቋል። ሸራው በሳሳ ቁጥር ፒስተኑ ወደፊት ስለሚወጣ ዘይቱ ይከተለዋል። ዘይቱ ሲሞላ መብራቱ ይጠፋል፤ ሸራው ግን አሁንም ያለቀ ነው። ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

የባትሪ መብራትም እየተነዳ ከበራ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ዲናሞውና ቺንጋው ይታዩ። ሞተሩ ተነስቶ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ካልተለካ ቻርጅ እያደረገ አይደለም።

አዲስ አበባ የሞሉት ብዙ ቪትዞች የሙቀት ጌጅ የላቸውም። ጠዋት የሚበራው ሰማያዊ መብራት ሞተሩ ገና አልሞቀም ማለት ብቻ ነው፤ የሚያሰጋው ቀዩ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ብቻውን ሞተር ያግላል። ቀዩ በርቶ ሳለ ክዳኑን መክፈት ግን ፊትና እጅ ያቃጥላል።

«መብራት የሌለው መኪና ጤነኛ ነው» የሚለው ያገለገለ መኪና ገዢን ይጎዳል። አምፖሉን ነቅሎ የሚሸጥ አለ። ሳያስነሱ ቁልፉን እስከ ኦን ያዙሩት፤ ቼክ ኢንጂን፣ ዘይትና ባትሪ ሁሉም መብራት አለባቸው፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት። ቼክ ኢንጂኑ ከመጀመሪያው ካልበራ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ምክንያቱን ይጠይቁ።