የኋላ አክስልና የደሴ ቁልቁለት

ከደሴ ፒያሳ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚጓዝ አሮጌ ፒክ አፕ፥ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ጠመዝማዛ መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲመለስም ጭነቱን ይዞ ያንኑ ዳገት ይወጣል። በዚህ ጉዞ እጅግ ከሚደክሙት ክፍሎች አንዱ የኋላው አክስል ነው።

አክስል ሁለት ዐይነት ነው። በአንደኛው፥ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ የመኪናውን ክብደት ጭምር ይሸከማል፤ የቶዮታ ሃይሉክስ አክስል በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ዘንጉ ከተሰበረ ጎማው ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። በሁለተኛው ግን ክብደቱ በኩሽኔታዎች አማካይነት በአክስሉ ቤት ላይ ያርፋል፤ የዘንጉ ሥራ ማዞር ብቻ ስለ ሆነ፥ ቢሰበር እንኳ ጎማው ከቦታው አይለቅም። ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩት የላንድ ክሩዘር 70 ፒክ አፖች በአብዛኛው የያዙት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ አሮጌ መኪናውን ለጭነት ሊያጠነክር የሚሻ ባለንብረት ሁለተኛውን ዐይነት ቢመርጥ ይበጀዋል። ሆኖም ሦስት ነገሮችን ያስተውል። አንደኛ፥ የባሌስትራው መቀመጫ ሲበየድ ሙቀቱ የአክስሉን ቤት ሊያጣምመው ስለሚችል፥ ቀጥ ማለቱ በቶርኖ ቤት ይለካ። ሁለተኛ፥ የተሰበረ ዘንግ በብየዳ አይቀጠል፤ እሳት የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋልና። ሦስተኛ፥ መኪናው በፊትም በኋላም ጎማ የሚነዳ ከሆነ፥ የሁለቱ ዲፈረንሺያል የጥርስ ስሌት እኩል ይሁን።

ፍሬኑም ከአዲሱ አክስል ጋር መስማማቱ ሳይረጋገጥ ጭነት መጫን አይገባም። ጠንካራ አክስል ጭነቱን ይሸከማል እንጂ መኪናውን ቁልቁለት ላይ አያቆምም፤ የነጋዴው ንብረትም የሾፌሩም ሕይወት በፍሬኑ ላይ ነው።