ደሴት ያልሆነች ከተማ ደጅ፦ ቃሊቲ በኮሮና የመጀመሪያ ወራት

ቃሊቲ የአዲስ አበባ የደቡብ በር ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ጭነት ሞጆንና ቢሾፍቱን አልፎ ወደ መዲናዋ የሚዘልቀው በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። ወደ ደቡብ የሚጓዙ አውቶቡሶች መነኸሪያ፣ የጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት፣ የቀላል ባቡሩ የደቡብ መጨረሻ ጣቢያና በአካባቢው ስም የሚጠራው ማረሚያ ቤት በ2012 ዓ.ም በዚሁ ሰፈር ይገኙ ነበር። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ቫይረስ ሲከሠት ለመላ አገሪቱ የቀረበው ጥያቄ እዚህ ጎልቶ የታየውም ስለዚህ ነው፤ መግባትና መውጣት ፈጽሞ ሊቆም በማይችልበት ስፍራ ወረርሽኝን እንዴት መግታት ይቻላል?

ከመከላከያ መንገዶች ሁሉ ጥንታዊው በርን መዝጋት ነው። ይህ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለደሴቶች ይሠምራል። እ.ኤ.አ. በ1918 ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ሲያዳርስ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ የምትገኘው የአሜሪካ ሳሞዋ በመርከቦች ላይ ጥብቅ የኳራንቲን ሥርዓት በመጣሏ አንድም ሰው ሳይሞትባት ቀረ። ጎረቤቷ ምዕራብ ሳሞዋ ግን ሕሙማንን ያሳፈረችውን ታሉኔ የተባለች መርከብ ወደ አፒያ ወደብ አስገባች፤ ከሕዝቧም አንድ አምስተኛ ያህሉ አለቀ።

በዚያው ወቅት በሽታው አዲስ አበባም ደርሶ ነበር። በአቃቂ በኩል የሚያልፈው የጅቡቲ ምድር ባቡር ዋና ከተማዋን ከባሕር ጋር ካገናኘ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። «የኅዳር በሽታ» የተባለው ያ መቅሠፍት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንን ሳይቀር አልጋ ላይ ጣለ፤ በከተማዋም በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ እርምጃ ከደሴቶቹ ጋር ይመሳሰል ነበር፤ ትኩረቱ በዋናው የአየር በር ላይ ነበርና። በጥር 2012 ዓ.ም በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች የሙቀት ልየታ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ የነበረ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራውን በአገር ውስጥ ማካሄድ ቻለ። መጋቢት 4 ቀን ከቡርኪና ፋሶ የመጣ አንድ ጃፓናዊ በቫይረሱ መያዙ ተረጋገጠ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ሕዝባዊ ስብሰባዎች እንዲቆሙ ተወሰነ። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮም የየብስ ድንበሮች ለሰው ዝውውር ተዘጉ፤ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ለ14 ቀናት ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ይሁን እንጂ አንድ በር ሊዘጋ አልቻለም። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ ስንዴና መድኃኒት መምጣት ነበረባቸው፤ በመሆኑም ድንበሩ ለሰው ሲዘጋ ለጭነት ክፍት ሆኖ ቆየ። ጭነት ግን ያለ አሽከርካሪ አይመጣም። አሽከርካሪው ወደብ ላይ ተራ ይጠብቃል፤ በየመንገዱ ከተሞች ይመገባል፣ ያድራል፤ ጉምሩክ ደርሶ ሰነድ ያስፈትሻል፤ ዕቃውን ከሚያወርዱ ጫኝና አውራጆች ጋር ይገናኛል። በሙቀት መለኪያ ብቻ እርሱን መለየት አይቻልም ነበር፤ ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ለቀናት በሰውነት ውስጥ ሊቆይና ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላልና። ስለዚህ አማራጩ በጉዞው መስመር ላይ ናሙና መውሰድ፣ የማረፊያ ቦታዎችን መወሰንና የእርስ በርስ ንክኪን መቀነስ ነበር።

በመነኸሪያው የታየው ችግር ሌላ ነው። በመጋቢት መጨረሻ የተለያዩ ክልሎች የሕዝብ ትራንስፖርትን አገዱ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብም የሕዝብ ማመላለሻዎች ከመቀመጫቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ አዘዘ። እርምጃው የመተንፈሻ ርቀትን አስገኝቷል፤ ሆኖም የባዶውን ወንበር ዋጋ ማን ይሸፍናል የሚለውን ጥያቄ አስከተለ። የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ ለሚያገኝ ሰው ቤት መቀመጥ ራሱ ወጪ ነበር። ደንቡ ቀጣሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ፣ አከራዮችም ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ የከለከለው ይህን በማሰብ ነው።

ከሁሉ የጠበበው ስፍራ ማረሚያ ቤቱ ነበር። በርካታ ሰዎች በአንድ ክፍል የሚያድሩበት ቦታ አንድ ታማሚ ከገባበት ርቀት መጠበቅ አይታሰብም። መጋቢት 16 ቀን ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ለ4,011 ታራሚዎች ይቅርታ ማድረጋቸው ይፋ ሆነ። ይቅርታው ቀላል ወንጀል ፈጽመው እስከ ሦስት ዓመት የተፈረደባቸውንና ፍርዳቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡትን የሚመለከት ሲሆን፣ ዓላማው በየማረሚያ ቤቱ ያለውን መጨናነቅ መቀነስ ነበር። በውስጥ ለቀሩት ግን የቤተሰብ ጥየቃ ታገደ። በኢትዮጵያ ጥየቃ ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ስንቅ፣ ልብስና መድኃኒት የሚደርስበት፣ የታሳሪው ደኅንነት በዓይን የሚረጋገጥበት መንገድ ነው። በሩ ሲዘጋ ቫይረሱ ከውጭ የሚገባበት ዕድል ጠበበ፤ እናትና ልጅም ተለያዩ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ለደሴት የመጀመሪያው ጥያቄ «በሩ መቼ ይዘጋ?» የሚል ነው። እንደ አዲስ አበባ ላለች ከተማ ግን «ክፍት የሚቀረውን በር የሚጠብቀው ማን ነው? ለእርሱስ ምን ተዘጋጅቶለታል?» የሚለው ይቀድማል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አሽከርካሪው፣ አውራጁ፣ የአውቶቡስ ረዳቱና የማረሚያ ቤት ጠባቂው ቤታቸው ሊቀመጡ አልቻሉም፤ የሌላው ሰው ቤት መቀመጥ በእነርሱ መውጣት ላይ የቆመ ነበርና። ለሚቀጥለው ወረርሽኝ የሚደረግ ዝግጅትም የምርመራ ጣቢያው፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃው፣ የአሽከርካሪዎች ማረፊያውና ለታራሚ ስንቅ በሰላም የሚደርስበት ሥርዓት በቅድሚያ እንዲሟሉ ይጠይቃል፤ በር ከመዝጋት አዋጅ አስቀድሞ።