ጠንካራው መድኃኒት

ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት፣ ስለ አስም ደዌያቸው ፕሬድኒሶሎን ሲወስዱ የቆዩ አንድ አዛውንት፣ ለሳላቸው ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሌላ ቦታ ሲፕሮፍሎክሳሲን ገዝተው ሲውጡ ሰንብተው፣ የተረከዛቸው ጅማት አብጦ፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ጨለለቂ ውስጥ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት የመጡበት ቀን ከኅሊናዬ አልወጣም። «ልጄ፣ ቀላሉ አልያዘልኝም ብዬ ጠንካራውን ነበር የጠየቅሁት» አሉኝ።

ዘወትር የሚያደክመኝ ይህ ነው። ገዢው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ዶክተር፣ ሲፕሮ ባለ 500ውን» ሲለኝ፣ መድኃኒትን እንደ አረቄ በኃይሉ የሚመርጥ ይመስለኛል። በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን የክብደት ልክ እንጂ የኃይል ማዕርግ አይደለም፤ የዚሁ ወገን የሆነው ሞክሲፍሎክሳሲን በቀን አንድ ጊዜ በ400 ሚሊግራም ብቻ ሲሰጥ፣ ከባለ 500ው ሲፕሮ ያነሰ ነው የሚል ሐኪም የለም። ይልቁንም ከሳንባ ምች አምጪዎች ዋነኛ የሆነውን ኒሞኮከስን ሲፕሮ እጅግም የማይደፍረው ሲሆን፣ በየቤቱ የተናቀው አሞክሲሲሊን ብዙውን ጊዜ ይረታዋል፤ እንግዲህ ለጉሮሮና ለደረት ብሎ ሲፕሮ የሚገዛ ሰው ብርቱውን ትቶ ደካማውን በገንዘቡ መግዛቱ ነው። ለጉንፋንማ ሁለቱም ከንቱ ናቸው፤ ሰው ከዴዴሳ ቆላ ይዞት ለሚመጣው ወባም እንዲሁ።

መድኃኒቱን ጠልቼ አይደለም፤ ኩላሊት ድረስ ለዘለቀ ኢንፌክሽን ሲፕሮ፣ መድኃኒት ለተላመደው ቲቢ ደግሞ ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን ስንቱን ሕሙም አድነዋል። ነገር ግን የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ስለ ጅማት መበጠስ በጥቁር መስመር የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም ያዘዘው፣ በ2016ም ሌላ አማራጭ ላለው ሰው ለቀላል የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ ለሳይነስና ለብሮንካይተስ እንዳይሰጥ የመከረው፣ በ2018 ደግሞ ስለ ደም ስኳር መውረድና ከልብ ስለሚወጣው ታላቅ የደም ቧንቧ መቀደድ የጨመረበት በከንቱ አይደለም። ዕድሜው ከ60 ያለፈና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ እንደ እኒያ አዛውንት፣ ለጅማቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰጋ ይገባዋል።

ደግሞ በቡና አገር የሚኖር ሰው ይህን ይወቅ፦ ሲፕሮ ካፌይን ከሰውነት እንዳይወገድ ስለሚያዘገየው፣ «መድኃኒቱ ልቤን እያስመታ እንቅልፍ ነሣኝ» ለሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ስኒ እንደ ጠጣ ነው። ጨጓራዬን እንዳይጎዳው ብሎ በወተት የሚውጠውስ? በወተቱ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ አስሮ ስለሚያስቀረው፣ ጠንካራ ያለው ነገር ከፊሉ ወደ ደሙ ሳይገባ አብሮት ይወጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሳሉ ነገር ነው፤ ሲፕሮና ወገኖቹ የቲቢን ተዋሲ በጥቂቱ ስለሚያዳክሙት፣ ሕመምተኛው የዳነ መስሎት ምርመራው ይዘገያል፣ ተዋሲውም ለክፉ ቀን የተቀመጠውን መድኃኒት ይለምዳል። ስለዚህ ሳሉ ሁለት ሳምንት ላለፈው ሰው አክታው ሳይመረመር ሲፕሮ አልሸጥለትም፤ ብዙዎቹም ተቆጥተው ወደ ማዶው መድኃኒት ቤት ይሻገራሉ።