ላባ ደፍቶ ባኽን የተጫወተው ጊታሪስት

በደቡብ አሜሪካዊቷ ፓራጓይ የ50,000 ጓራኒ ኖት ላይ የታተመው ፊት የጄኔራል ወይም የፕሬዚዳንት አይደለም። የጊታር ተጫዋች ነው። አጉስቲን ባሪዮስ ይባላል። ዛሬ ክላሲካል ጊታር የሚማር ሰው፣ የትም አገር ይሁን፣ አንድ ቀን ከዚህ ሰው ሥራ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ባሪዮስ ግን ይህን ሁሉ ሳያይ ነው የሞተው። ከሞተም በኋላ 30 ዓመት ለሚሆን ጊዜ ከላቲን አሜሪካ ውጪ ሙዚቃውን የሚጫወት ሰው እምብዛም አልነበረም።

ችሎታ አንሶት ነው እንዳይባል፣ የሰሙት ሁሉ የመሰከሩለት ሰው ነው። ነገሩ ሌላ ነው።

ባሪዮስ እ.ኤ.አ. በ1885 በደቡብ ፓራጓይ ሚሲዮኔስ በሚባለው አካባቢ ተወለደ። እናቱ መምህርት ነበረች፤ ቤታቸውም ሙዚቃና መጽሐፍ የሚወደድበት ቤት ነበር። ከስፓኒሽ ሌላ የአገሩን ነባር ሕዝብ ቋንቋ ጓራኒን ይናገር ነበር። ገና ልጅ ሳለ ጉስታቮ ሶሳ ኤስካላዳ የሚባል የጊታር መምህር ሰማው፤ ልጁም ወደ ዋና ከተማው አሱንሲዮን ሄዶ መማር ጀመረ። በ1910 ወደ አርጀንቲና ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ሕይወቱ መንገድ ላይ ሆነ፦ አርጀንቲና፣ ኡራጓይ፣ ብራዚል፣ እንደገና ኡራጓይ። ዛሬ ትልቅ ቴአትር ቤት፣ ነገ ደግሞ በትንሽ ከተማ አዳራሽ ጥቂት ሰው ፊት።

የዚያን ጊዜ ጊታር ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ከበግ አንጀት ነበር የሚሠሩት። በገና የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል፤ ያው ዓይነት ክር ነው። ናይሎን ገና አልመጣም። የአንጀት ክር ድምፁ ያምራል፣ ግን ሙቀትና እርጥበት ባለበት አገር ቶሎ ይበጠሳል፣ ዋጋውም ውድ ነው። ባሪዮስ ታዲያ የብረት ክር ይጠቀም ነበር። የብረቱ ጩኸት እንዲለዝብም ክሩ ጊታሩ ላይ በሚታሰርበት አካባቢ ትንንሽ ጎማ ያስገባበት ነበር። ተራ ዘዴ ይመስላል፣ ግን ብዙ አስከፍሎታል። በዘመኑ የነበሩ የክላሲካል ሙዚቃ ሰዎች የብረት ክርን የመንገድ ዳር ዘፋኝ ዕቃ አድርገው ነበር የሚያዩት። አንዳንዱ ገና ጨዋታውን ሳይሰማ ክሩን አይቶ ይፈርድ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሰው ግን ጊታሩን በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ የክላሲካል ጊታር ተጫዋቾች አንዱ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ቀርጿል። ይህ ነገር በኋላ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል።

በ1921 «ላ ካቴድራል» የተባለውን ሥራውን ጻፈ። ኡራጓይ ውስጥ በሞንቴቪዴዮ ካቴድራል የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ሙዚቃ ሲጫወት ሰምቶ ነው ይባላል። አንደኛው ክፍል ዝግ ያለ ነው፤ ከባድ፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመስል። ቀጥሎ የሚመጣው ሩጫ ነው፤ ከካቴድራሉ ወጥቶ መንገድ ላይ ግርግር ውስጥ የገባ ሰው ስሜት አለው። ከዓመታት በኋላ፣ በ1938፣ ሃቫና ሳለ መግቢያ ጨመረበትና ሦስት ክፍል ሆነ። አንድ ሥራ 17 ዓመት አብሮት ተጉዟል።

በዚያው በ1921 ቦነስ አይረስ ውስጥ ከስፔናዊው አንድሬስ ሴጎቪያ ጋር ተገናኙ። ሴጎቪያ ጊታርን በአውሮፓ ትላልቅ አዳራሾች ያስገባ ሰው ነው፤ ከባሪዮስ በስምንት ዓመት ያንሳል። ባሪዮስ ራሱ ጻፈው እንደተባለው፣ ሴጎቪያ ጨዋታውን ሰምቶ ወዶታል፣ በተለይ «ላ ካቴድራል»ን። በኮንሰርቶቹ ግን ሥራውን አላስገባውም። እዚህ ላይ ብዙ የጊታር ወዳጆች እስካሁን ይከራከራሉ፤ ቅናት ነው የሚል አለ፣ የምርጫ ጉዳይ ነው የሚልም አለ። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን ሴጎቪያ የተጫወተው ሙዚቃ ዓለም ዞረ፤ ያልተጫወተው እዚያው ቀረ።

ከዚህ በኋላ ነው ላባው የመጣው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ባሪዮስ ስሙን ቀየረ። አጉስቲን የሚለውን ስሙን ከኋላ ወደ ፊት አነበበውና «ኒትሱጋ» አደረገው። በላዩ ላይ «ማንጎሬ» ጨመረበት፤ ይህ በስፔን ወረራ ዘመን ከስፔኖች ጋር ተዋግቶ ሞተ የሚባል የነባር ሕዝብ አለቃ ስም ነው። ራሱ ላይ ላባ ደፍቶ፣ የነባሮቹን ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ መውጣት ጀመረ። ማስታወቂያው «ከፓራጓይ ጫካ የመጣው የጊታር ፓጋኒኒ» እያለ ይጠራው ነበር። ሰው ለጉድ መጣ። አለቃ ማንጎሬ ተቀመጠና ባኽን ተጫወተ፣ ሾፓንን ተጫወተ፣ የራሱንም ተጫወተ።

መድረክ ሊወጣ ሲል «የባህል ልብስህን ለብሰህ ና» የተባለ ሙዚቀኛ ሁሉ ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። የባሪዮስ ጉዳይ ትንሽ ውስብስብ የሚሆነው ማንም ሳያስገድደው ራሱ በመልበሱ ነው። አዳራሽ መሙላት ነበረበት፣ ይህ እውነት ነው። ግን ጓራኒነቱ ለገበያ ብቻ የተፈጠረ ነገር አልነበረም። ቋንቋው የእናት የአባቱ አገር ቋንቋ ነው፤ ግጥምም ይጽፍ ስለነበር ስለራሱና ስለ ጊታሩ ሲጽፍ የጓራኒዎቹን አምላክ ቱፓን ያነሳል። ስለዚህ ላባው ውሸት ነበር ማለትም፣ እውነት ነበር ማለትም አይቻልም። የተመልካቹ ነገር ግን ያሳዝናል። ሙዚቃውን ለመስማት መጀመሪያ የሚያየው ትርኢት ያስፈልገው ነበር።

ልብሱን በኋላ ተወው። ሜክሲኮ የነበረ የአገሩ ዲፕሎማት ቶማስ ሳሎሞኒ ሥራህ ይህን አይፈልግም ብሎ እንደመከረው ይነገራል። አብረውም ወደ አውሮፓ ሄዱ። በ1934 ባሪዮስ በብራስልስ ንጉሣዊ ኮንሰርቫቶሪ ተጫወተ። በ1936 ወደ ላቲን አሜሪካ ተመለሰ። ልቡ እየደከመ ስለነበር የመጨረሻ ዓመታቱን በኤል ሳልቫዶር ዋና ከተማ በሳን ሳልቫዶር ተቀምጦ ተማሪ አስተማረ።

እዚያ ሳለ አንዲት ለማኝ አሮጊት በሩን ታንኳኳ ነበር ይባላል፤ «ስለ ፈጣሪ ብላችሁ» እያለች። የመጨረሻ ሥራው ከዚያ ወጣ። ከታች አውራ ጣት በር እንደሚመታ «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ይደጋግማል። ከላይ ደግሞ ሦስት ጣቶች እየተፈራረቁ አንዱን ክር ቶሎ ቶሎ ይመታሉ፤ ጊታሪስቶች ትሬሞሎ ይሉታል፤ ዜማው ሳይቋረጥ እንደ ለቅሶ ይፈስሳል። ነሐሴ 7 ቀን 1944 ባሪዮስ አረፈ። መቃብሩ ዛሬም እዚያው ሳን ሳልቫዶር ነው፤ ፎቶው ያለበት ገንዘብ ግን የፓራጓይ ነው።

ሙዚቃው ለመጥፋት ምንም አልቀረውም ነበር። በሕይወት ሳለ ያሳተመው ጥቂት ነው። በየሄደበት ኖታውን በእጁ እየጻፈ ለወዳጅ ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህ ሥራው በየአገሩ በየሰው መሳቢያ ተበተነ። ሲላ ጎዶይ የሚባል ፓራጓያዊ ጊታሪስት ከአገር አገር እየዞረ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶቨር ኖታዎቹን በአራት ቅጽ አሳተመ። ወረቀት ያልተገኘለትን ሥራ ደግሞ ሰዎች ከእነዚያ አሮጌ ሸክላዎች በጆሮ እየሰሙ ጻፉት። የዛሬ ተማሪ ከ100 በላይ ሥራዎቹን ማግኘት ይችላል።

በሩን የከፈተው ግን አንድ አልበም ነው። በ1977 ጆን ዊልያምስ ሙሉ በሙሉ የባሪዮስን ሥራ የያዘ ሸክላ አወጣ። ዊልያምስ ደግሞ የማን ተማሪ ነበር? የሴጎቪያ። መምህሩ አልፎት የሄደውን ተማሪው አነሳው። ከዚያ ወዲህ «ላ ካቴድራል» የጊታር ውድድሮች ላይ በጣም ከሚጫወቱት ሥራዎች አንዱ ሆኗል።

ለመስማት የሚፈልግ በዊልያምስ ቢጀምር ጥሩ ነው፣ ድምፁ የጠራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የባሪዮስን የራሱን ቅጂዎች ይፈልግ፤ ኢንተርኔት ላይ አሉ። ሸክላው ይንጫጫል፣ ጊታሩም ከሩቅ ክፍል የሚመጣ ይመስላል። ጆሮ ትንሽ ከለመደ በኋላ፣ ከጭረቱ ሥር፣ ያ ብዙዎች የናቁት የብረት ክር ጥርት ብሎ ይሰማል።