የነሐሴ ልጅ እና የመስከረም ልጅ፦ በቴክሳስ ትምህርት ቤት የትውልድ ወር ለምን ያስጨንቃል?

ባለፈው ሐምሌ አክስቴ ሮውሌት ወዳለው ቤታችን መጥታ፣ ቶናው እየተቀዳ ሳለ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስታብሰለስለው የከረመችውን ጥያቄ አወጣችው። ትንሹ ልጇ ነሐሴ 22 ቀን አምስት ዓመት ይሞላዋል። “ዘንድሮ ኪንደርጋርተን ላስገባው ወይስ አንድ ዓመት ላቆየው?”

አባቴ አላመነታም። “ምን ያስቆየዋል? ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይጨርስ” አለ። እናቴ ግን ዝም ብላ እኔን አየችኝ። እኔም የነሐሴ ልጅ ነኝና።

የተወለድኩት አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 30 ቀን 2004 ማለት ነው። እዚህ ቴክሳስ ኪንደርጋርተን ስገባ ገና አራት ዓመቴ ነበር፤ አምስት የሞላኝ ትምህርት በተጀመረ በቀናት ውስጥ ነው። በዚያው ክፍል ሌላ አንድ የሐበሻ ልጅ ነበር። እሱ መስከረም 2 ቀን 1996 የተወለደ ስለሆነ፣ እኔ አምስት በሞላኝ በሁለት ሳምንቱ የስድስት ዓመት ልደቱን አከበረ። እሱ ጫማውን ያስራል፣ ስሙን ይጽፋል። እኔ ምንጣፉ ላይ አሥር ደቂቃ መቀመጥ አቅቶኝ እንከባለላለሁ። በኅዳር ወር መምህሯ እናቴን ጠርታ “ልጅዎ ትኩረት የለውም፣ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው” አለቻት። እናቴ ያኔ እንግሊዝኛዋ ብዙ ስላልነበር የሰማችው “ልጅሽ ደካማ ነው” የሚለውን ብቻ ነው። ሐኪሙ ግን መጀመሪያ የጠየቃት የልደት ቀኔን ነበር። ሲሰማ ሳቀና “አንድ ዓመት ይስጡት” አላት።

ሐኪሙ ለምን እንደሳቀ የገባኝ ኮሌጅ ገብቼ የስታቲስቲክስ ኮርስ ስወስድ ነው።

ከሕጉ ልጀምር። በቴክሳስ አንድ ልጅ ኪንደርጋርተን ለመግባት ሴፕቴምበር 1 ቀን ወይም ከዚያ በፊት አምስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ሴፕቴምበር 1 በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ነሐሴ 26 ነው። አዲስ ዓመታችን ደግሞ ከዚያ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ይገባል። ስለዚህ በቴክሳስ አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች በእኛ አቆጣጠር የአንድ ዓመተ ምሕረት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። የሚለዩት ከነሐሴ 27 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የተወለዱት ብቻ ናቸው፤ እነሱ ከሚቀጥለው ዓመት ልጆች ጋር ይገባሉ። በዚህ ስሌት መስከረም የተወለደ ልጅ የክፍሉ ታላቅ ሲሆን ነሐሴ የተወለደው የክፍሉ ታናሽ ነው። እኔና ጓደኛዬ ሁለታችንም የ1996 ልጆች ነን፤ በመካከላችን ግን አንድ ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት የጎደለው ልዩነት አለ።

ለአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት አንድ ዓመት ከዕድሜው ከአሥራ ስምንት አንዱ እጅ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን አንድ አምስተኛው ነው። ከታናሽየው ሃያ በመቶ የበለጠ የኖረ ልጅ ተጨማሪ ቃላት ቢያውቅ፣ እርሳስ አጥብቆ ቢይዝ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ቢቀመጥ ምን ይገርማል? ችግሩ የክፍል ውጤት ዕድሜን አለመጠየቁ ነው። መምህሩ ሃያ ምናምን ልጆችን እርስ በርስ ያወዳድራል፤ ትልቁ “ጎበዝ” ይባላል፣ ትንሹ “ወደ ኋላ የቀረ”። ልጆቹም የተባሉትን ያምናሉ።

ይህን የለኩ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። በ2006 እ.ኤ.አ. ቤዳርድ እና ዱዪ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን የብዙ አገሮችን የሒሳብና የሳይንስ ፈተና አነጻጽረው ነበር። የክፍሉ ታናናሾች በአራተኛ ክፍል ከታላላቆቹ ከ4 እስከ 12 ፐርሰንታይል፣ በስምንተኛ ክፍል ደግሞ ከ2 እስከ 9 ፐርሰንታይል ዝቅ ብለው ተገኙ። ልዩነቱ ይጠባል፣ ግን ወዲያው አይጠፋም።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን በ2018 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣው ነው። ተመራማሪዎቹ ከ400 ሺህ በላይ የአሜሪካ ልጆችን የጤና መድን መዝገብ አዩ። የመግቢያው ቀን እንደ ቴክሳስ ሴፕቴምበር 1 በሆነባቸው ስቴቶች፣ ኦገስት ከተወለዱ 10,000 ልጆች 85ቱ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር፣ አለባቸው ተብለዋል። ሴፕቴምበር ከተወለዱት 10,000 ግን 64ቱ ብቻ። ልዩነቱ ወደ 34 በመቶ ይጠጋል። የመግቢያው ቀን ሴፕቴምበር 1 ባልሆነባቸው ስቴቶች ይህ የሁለቱ ወሮች ልዩነት አልታየም። ስለዚህ የኦገስት ልጆች አእምሮ የተለየ አይደለም፤ የተለየው ከማን ጋር እንደተወዳደሩ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስምርበት፦ ችግሩ በእርግጥ ያለባቸው ልጆች አሉ፣ ሕክምናም ይጠቅማቸዋል። የነሐሴ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ግን “ይመርመር” ስትባሉ “ከክፍሉ ልጆች ጋር ነው ወይስ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ያነጻጸራችሁት?” ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች የሚሰጡትም ፈተናዎች ብዙዎቹ ውጤቱን በክፍልም በዕድሜም ያወጣሉ። የዕድሜውን ጠይቁ።

ታዲያ ማቆየት ይሻላል? እዚህ ላይ አባቴ ያለ ምክንያት አልተናገረም። ኖርዌይ ውስጥ ወንዶች በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ገደማ ለውትድርና የሚወስዱትን የአእምሮ ፈተና ያጠኑ ሰዎች፣ ትምህርት የጀመሩበት ዕድሜ የተወው ልዩነት በጣም ትንሽ እንደሆነ አግኝተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1991 አንግሪስት እና ክሩገር ያወጡት ዝነኛ ጥናት ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ያሳያል። በድሮው የአሜሪካ ሕግ ተማሪ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ማቋረጥ ይችል ስለነበር፣ በዕድሜ ገፍተው የጀመሩት ልጆች ትንሽ ክፍል ብቻ ተምረው መውጣት ይችሉ ነበር። ታላቅ መሆንም ዕዳ አለው። ዓመቱ ራሱም ነጻ አይደለም፤ የቆየ ልጅ አንድ ዓመት ዘግይቶ ይመረቃል፣ አንድ ዓመት ዘግይቶ ደመወዝ ይቆጥራል።

አገር ቤት እንዲህ ያለ ጭንቀት ብዙም አልነበረም። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ክፍል በሰባት ዓመት ይጀመራል ቢልም፣ የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ሲመጣ እጁን በጭንቅላቱ ላይ አዙሮ የወዲያኛውን ጆሮ እንዲነካ ይደረግ ነበር። ከነካ ገባ፣ ካልነካ ለከርሞ። አባቴ የገባው እንዲህ ነው። ስለዚህ መለኪያ ሲወራ እንስቃለን እንጂ፣ ቢያንስ የልጁን ሰውነት ያያል፤ የቴክሳሱ ወረቀት ብቻ ያያል።

ወረቀት ካልን፣ የእኛ ማኅበረሰብ የራሱ ጣጣ አለው። ነሐሴ 20 ቀን 2009 የተወለደ ልጅ ትክክለኛ ቀኑ ኦገስት 26 ቀን 2017 ነው። ነገር ግን “12ኛ ወር፣ 20ኛ ቀን” የሚለውን ሳይቀይሩ ዓመቱ ላይ ስምንት ብቻ ደምረው ዲሴምበር 20 ቀን 2017 ብለው የሚሞሉ አሉ። ልጁ በአንድ የብዕር ስሕተት ከአንዱ የትምህርት ዓመት ወደ ሌላው ተሻገረ። ጳጉሜን የተወለደማ 13ኛ ወር የሚሞላበት ቦታ እንኳ የለውም። በስደተኝነት መጥተው ሁሉም ጃንዋሪ 1 ተወለዱ የተባሉ ወንድማማቾችንም አውቃለሁ። ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ቀኑን ሁለት ጊዜ አስሉ።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ነጮቹ ጎረቤቶቻችን፣ በተለይ ደህና ገቢ ያላቸው፣ የኦገስት ወንድ ልጃቸውን ያቆዩታል። በ2010 በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ አንድ ዓመት ዘግይተው ኪንደርጋርተን የገቡት ልጆች 6 በመቶ ያህል ነበሩ። አክስቴ ግን የሌሊት ፈረቃ ነርስ ረዳት ናት። ዓመቱን ሙሉ የመዋያ ክፍያ ከየት ይመጣል? ለእሷ “ማቆየት” ማለት ልጁ ቴሌቪዥን ፊት አንድ ዓመት ይቀመጥ ማለት ነው። ሴፕቴምበር 1 ላይ አራት ዓመት የሞላው፣ እንግሊዝኛ የማይናገር ወይም ቤተሰቡ ገቢው አነስተኛ የሆነ ልጅ ነጻ ፕሪ-ኬ እንደሚገባ ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ጥሩ ነበር። አላወቀችም፣ እኛም አልነገርናትም። (ሮውሌት ውስጥ የሆናችሁ፣ አብዛኛው ከተማ ጋርላንድ ዲስትሪክት ውስጥ ነው፣ ምሥራቁ ሮክዎል ውስጥ፤ ምዝገባው የየራሱ ነው።)

ያልኳት ይህን ነው፦ አስገቢው። ከ2021 ጀምሮ በቴክሳስ ሕግ ወላጅ ራሱ ልጁ ኪንደርጋርተንን እንዲደግም መወሰን ይችላል፤ ስለዚህ በሩ አይዘጋም። ማታ ማታ በአማርኛም ቢሆን ተረት ንገሪው፣ ፊደልም አስቆጥሪው። መምህሩን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ልደቱ መቼ እንደሆነ ንገሪው።

አስገባችው። ኅዳር ላይ ወላጆች ሲጠሩ አብሬያት ሄድኩ። መምህሩ “ትንሽ ይንቀሳቀሳል…” ብሎ ሲጀምር አክስቴ ቦርሳዋን ከፍታ የልደት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መምህሩ ቀኑን አየ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የክፍሉን ዝርዝር ከፈተ፣ ወደ ታች ወረደ። “የመጨረሻው እሱ ነው” አለ። ከዚያ የልጁን ሥራዎች የያዘውን ፎልደር እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠ።