የአባት ፊኒክስ ለልጅ

ባሕር ዳር ላይ ፍሬኑ የላላ ብስክሌት ብዙም አያስጨንቅም፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት። አቧራ የጠጣ አሮጌ ፊኒክስ ብስክሌት ለልጁ ሊያድስ የተነሣ አባት ቀለሙን ትቶ ከፍሬኑ ይጀምር።

የሻንጋዩ ፊኒክስ ጠንካራ ነው፤ ክብደቱ ግን አይጣል! የድሮው ሞዴል ፍሬን የሚሳበው በብረት ዘንግ ሲሆን ላስቲኩ የቸርኬውን የውስጥ ገጽ ይጫናል። ቸርኬው ከዛገ ወይም ከተጣመመ ላስቲክ መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ኩሽኔታው። ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ማሽከርከር ነው፤ ከተንቋቋ ይፈታል፣ ኳሶቹ በናፍጣ ይታጠባሉ፣ አዲስ ግራሶ ይቀባሉ። አንዲት ኳስ ከተሰነጠቀች ሁሉም ይቀየራሉ። ካቴናው ከደረቀ ዘይት ያድነዋል፤ ከተለጠጠ ግን አይድንም። ከመነዳሪው ተነፍቶ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀዳዳው በአረፋ ራሱን ያጋልጣል።

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ እነ ገረመው ደንቦባ የተወዳደሩት በብስክሌት ነበር። ይህን ለልጅ መንገር ቡሎን ከማጥበቅ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ልጁ ኮርቻው ላይ ሆኖ የሁለቱም እግሮቹ ጣቶች መሬት ካልነኩ ይቆይ። የመጀመሪያ ልምምዱንም ከደብረ ታቦር ቁልቁለት ይልቅ ወደ ወረታ ወርዳችሁ በፎገራ ሜዳ ላይ አስጀምሩት።