ጃንጥላውን ያጠፈ ፕሮቶን

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ፓይን ሌክ ከእህቴ ልጅ ጋር አንዲት አጭር የፓይተን ፕሮግራም ጻፍን። ጥያቄው፦ የካርቦን ኒውክሊየስን መሐል ለመሐል ከሚያቋርጡ 100 ፕሮቶኖች ስንቱ ሳይጋጩ ይወጣሉ? ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን ስም በግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል በአማርኛ ሰየምናቸው፦ ጥግግት = 0.16፣ ስፋት = 4፣ ርቀት = 5። መለኪያው ፌምቶሜትር ነው፤ ፕሮቶን ራሱ ከሁለት ፌምቶሜትር ያንሳል። ሦስቱን አባዝተን፣ ውጤቱን ኔጌቲቭ አድርገን ለኤክስፖኔንሻል ሰጠነው። መልሱ 4 ያህል ብቻ ሆነ።

«ጋሼ፣ ስፋቱ ሁልጊዜ 4 ነው?» አለኝ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፕሮቶን የተሠራባቸው ኳርኮች «ቀለም» የሚባል የቻርጅ ዓይነት አላቸው (የዓይንም የብራናም ቀለም አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው)። ኳርኮቹ ሲራራቁ ጎረቤት ቅንጣት አንዱን ከሌላው ለይቶ ይይዘዋል። ሲጠጋጉ ግን ቀለማቸው እርስ በርሱ ይጣፋል፣ የሚይዛቸውም ያጣሉ። የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚያልፍንና አጥፎ የሚያልፍን ሰው አስቡ። በ1982 ስታንሊ ብሮድስኪና አልፍሬድ ሙለር የተነበዩት ይህንኑ ነበር፦ በኤሌክትሮን አጥብቆ ተመትቶ ሳይሰባበር የሚወጣ ፕሮቶን በዚያች ቅጽበት ኳርኮቹ ተጠጋግተው የተገኙ መሆን አለበት። እኔ «የቀለም አሳላፊነት» እለዋለሁ።

ስፋቱን 1 አደረግነው። 4 የነበረው 45 ሆነ! ልጁ ዘለለ።

ቨርጂኒያ ያለው የጄፈርሰን ላብራቶሪ በ2007 ባወጣው ውጤት፣ ሁለት ኳርክ ብቻ ያለው ፓይዮን ምቱ በጠነከረ ቁጥር በብዛት ሲያልፍ ታይቷል። ሦስት ኳርክ ባለው ፕሮቶን ላይ ግን በ2021 የወጣው ውጤት ምንም ጭማሪ አላሳየም። ለምን የሚለው ዛሬም ያከራክራል። አንዱ ግምት ጃንጥላው በጉዞ ላይ ራሱ ይዘረጋል የሚል ነው።

ይህን ለመሞከር ሉፕ ጨመርን፦ ስፋቱ ከ1 ተነሥቶ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፌምቶሜትሮች ውስጥ 4 ይድረስ። 45 የነበረው ወደ 7 ወረደ። ልጁ ኮዱ ተበላሽቶ መስሎት ሁለት ጊዜ መረመረው፤ አልተበላሸም።